ሳጥኑ ይርከስ፣ ልኬቱ አይርከስ፦ እንቁላል ማስፈልፈያን በቤት ውስጥ ስለ መሥራት የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አድማጮች፤

እንቁላል ማስፈልፈያ በገዛ እጁ ሊሠራ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሳጥኑን ከምን ልሥራው?» ብሎ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ሙቀት ከሚይዝ ከማንኛውም ነገር። ፎም፣ ኮምፔንሳቶ፣ ሞተሩ የተቃጠለ ፍሪጅ፣ በፎም የተደረበ ወፍራም ካርቶን፣ ሁሉም ያገለግላል። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ የሳጥኑን መልክ አያይም፤ ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ሲዛነፍ ግን ያውቀዋል። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ ሳጥኑ ላይ ቆጥቡ። ቀለሙን ተዉት፣ የመስተዋቱን መስኮት አሳንሱት፣ ማጠፊያውን በገመድ ተኩት። ቴርሞሜትርና ማሞቂያውን እያበራና እያጠፋ ሙቀቱን በልኩ የሚጠብቅ ቴርሞስታት ስትገዙ ግን አትሰስቱ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ማሽኑ የሚተካው ዶሮዋን ነውና ከእርሷ እንጀምር። ታቃፊ ዶሮ ላባው የሳሳውን የሆዷን ቆዳ ከእንቁላሉ ጋር አገናኝታ ታሞቃለች፤ በምንቃሯ እየገፋች ታገላብጣለች፤ እርጥበቱን በጎጆዋና በሰውነቷ ትጠብቃለች፤ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ለመብላትና ለመጠጣት ስትነሣ ደግሞ እንቁላሎቹ ንጹሕ አየር ያገኛሉ፣ ትንሽም ይቀዘቅዛሉ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለጀማሪ ትልቅ መጽናኛ ናት። ለጥቂት ደቂቃዎች መቀዝቀዝ ፅንስን አይገድልም፤ ክዳኑን ከፍታችሁ እንቁላል ስታገላብጡ እጃችሁ አይንቀጥቀጥ።

ሰው ይህን ሥራ ከዶሮ የተረከበው በቅርቡ አይደለም። በግብፅ ከጡብ በተሠሩ ትልልቅ ምድጃዎች ውስጥ እንቁላል በብዛት ማስፈልፈል ከተጀመረ ከ2000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሠራተኞቹ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። እንቁላሉን አንሥተው ከዐይናቸው ሽፋን ላይ ያስጠጉትና በቆዳቸው ሙቀቱን ይለኩ ነበር፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሬኦሚር የግብፆቹን ጥበብ በአገሩ ሊሞክር ሲነሣ ግን የራሱን የዐይን ሽፋን አላመነም። በስሙ የሚጠራ የሙቀት መለኪያ ያበጀ ሰው ነበርና ቴርሞሜትር ይዞ ሠራ። ከልጅነታችን ጀምሮ ምድጃ ውስጥ ያላደግን ሁሉ የእርሱን መንገድ ብንከተል ይሻላል።

ወደ ቁጥሩ ልግባ። ለዶሮ እንቁላል፣ ማራገቢያ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚፈለገው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ማራገቢያ ከሌለው ከ38.3 እስከ 38.8 ይሆናል፤ እርሱም የሚለካው በእንቁላሎቹ አናት ከፍታ ላይ ነው። ልዩነቱ የመጣው አየር በማይንቀሳቀስበት ሳጥን ውስጥ ሞቃቱ ወደ ላይ፣ ቀዝቃዛው ወደ ታች ስለሚደረደር ነው። የእንቁላሉ አናትና ታችኛው ጎኑ እኩል አይሞቁም፤ አናቱ ላይ 38.5 ሲሆን መካከሉ ወደምንፈልገው ልክ ይጠጋል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ከክዳኑ ሥር የሰቀለ ሰው አንዱን ሙቀት እየለካ በሌላው ሙቀት ያስፈለፍላል። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣች ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ይህን ሁሉ ጣጣ ታቃልላለች። በቀጥታ እንቁላሎቹ ላይ እንዳትነፍስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙሩት፤ አየሩ ዞሮ ይደርሳቸዋል።

ከልኩ በታች መውረድና ከልኩ በላይ መውጣት እኩል ጥፋት አይደሉም። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ያህል አንሶ ቢቆይ ጫጩቶቹ አንድ ሁለት ቀን ዘግይተው፣ አንዳንዶቹም ደከም ብለው ይወጣሉ። በአንድ ዲግሪ ተኩል በልጦ ለቀናት ቢቆይ ግን ብዙ ፅንስ ይሞታል፤ የተረፈውም እምብርቱ ሳይዘጋ ወይም እግሩ ተጣሞ ሊወጣ ይችላል። ከ40 ዲግሪ ካለፈ ጥቂት ሰዓት ብዙዎቹን ሊጨርስ ይችላል። መጠራጠር ካለባችሁ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ተጠራጠሩ።

ታዲያ ቴርሞሜትሩ እውነት መናገሩን በምን እናውቃለን? ርካሽ ዲጂታል መለኪያ አንድ ዲግሪ ቢዋሽ የሚገርም ነገር የለውም፤ አንድ ዲግሪ ደግሞ፣ አሁን እንዳልኩት፣ ለእኛ ሥራ ትንሽ አይደለም። የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ ሙሉና ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ውሃ ጨምሩበት፤ ካማሰላችሁት በኋላ የመለኪያው ጫፍ 0 ማንበብ አለበት። በፈላ ውሃ መፈተሽን ግን አልመክርም። በከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ፍተሻው ራሱ ያሳስታችኋል። ከበረዶውም የሚበልጠው ፍተሻ የሥራው ሙቀት አጠገብ የሚደረገው ነው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መለኪያችሁንና የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር ጎን ለጎን አድርጋችሁ 37 እና 38 አካባቢ አነጻጽሩ። የትኩሳት መለኪያው 37.5 ሲል የእናንተው 38.1 ካለ፣ መለኪያችሁ 0.6 ይጨምራል ማለት ነው። ይህችን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፏት። መለኪያው እየዋሸ ቢሆንም የውሸቱ መጠን ከታወቀ ያገለግላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጨነቅበትን ነገር ላንሣ። ዲጂታሉ ቁጥር 37.2፣ 37.8፣ 37.3 እያለ ሲዋልል ያዩና እንቅልፍ ያጣሉ። የአየሩ ሙቀት በፍጥነት ይለዋወጣል፤ የእንቁላሉ ውስጥ ግን ፈሳሽ የሞላበት ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀውና የሚቀዘቅዘው። ፅንሱ የሚያገኘው አማካዩን ነው። ማየት ከፈለጋችሁ በውሃ የተሞላች ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ ከእንቁላሎቹ መካከል አስቀምጡና የአንዱን ቴርሞሜትር ጫፍ በውስጧ አድርጉ። የእርሷ ንባብ ለእንቁላሉ የሚቀርበው እውነት ነው። ቁጥሯ 37.5 ላይ ተደላድሎ ከተቀመጠ የአየሩን መወዛወዝ ተዉት።

ሙቀቱን የሚያዘው ቴርሞስታት ነው። ዛሬ በርካሽ የሚገኙት ትንንሽ ዲጂታል ሰሌዳዎች፣ በሽቦ ጫፍ ላይ ሙቀት ጠቋሚ ያላቸው፣ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ። ነገር ግን ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙ ጊዜ የሚያበሩበትና የሚያጠፉበት ልዩነት ሰፊ ሆኖ ነው፤ ሁለት ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ያ ለማሞቂያ ክፍል እንጂ ለእንቁላል አይሆንም። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ወደ 0.3 ወይም 0.5 አውርዱት። ጠቋሚው ደግሞ በእንቁላሎቹ ከፍታ፣ ከአምፖሉ ርቆ፣ ከውሃው ሳይነካ በጠንካራ ማሰሪያ ይታሰር። ይህን ያለ ምክንያት አላጠበቅሁትም። ጠቋሚው ሾልኮ ከሳጥኑ ውጭ ከወደቀ የክፍሉን ቅዝቃዜ እያነበበ አምፖሉን ሳያጠፋ ያድራል፣ ጠዋት የምታገኙት የተቀቀለ እንቁላል ነው። አቅም ካላችሁ፣ ማራገቢያ ላለው ሳጥን በ38.5 የሚቆርጥ ሁለተኛ ቴርሞስታት በመስመሩ ላይ ጨምሩ። ከሁሉም ተጨማሪ ዕቃ እኔ የማስቀድመው እርሱን ነው። አምፖሉን ያለ ቴርሞስታት፣ ብርሃን በሚያደበዝዝ ማብሪያ ብቻ የሚያስተካክሉም አሉ፤ የክፍሉ ሙቀት ቀንና ሌሊት አንድ ዓይነት ከሆነ ይሠራል፤ የት ነው እንዲህ ያለ ክፍል?

የሙቀት ምንጩ የድሮው ባለ ክር አምፖል ቢሆን ርካሽ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ኤሌክትሪክ ስለሚቆጥብና ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረዳም። ለትንሽ የፎም ሳጥን ከ25 እስከ 40 ዋት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ትክክለኛውን መጠን ግን ሳጥኑ ራሱ ይነግራችኋል። ሙቀቱ ከተደላደለ በኋላ አምፖሉን ተመልከቱ። ያለማቋረጥ የሚበራ ከሆነ ወይ አቅሙ አንሷል ወይ ሳጥኑ ያፈሳል። ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ሙቀቱ ከልኩ አልፎ የሚዘል ከሆነ አቅሙ በዝቷል። ከጊዜው አንድ ሦስተኛ ያህል ቢበራ መልካም ነው። ከአንድ ትልቅ አምፖል ሁለት ትንንሽ ይሻላል፤ አንዱ ሌሊት ቢቃጠል ሌላው እስኪነጋ ያቆየዋል። አምፖሉን በቀዳዳ ቆርቆሮ ከልሉት፤ እንቁላሎቹን ከቀጥታ ግለት፣ ኋላም ጫጩቶቹን ከቃጠሎ ያድናቸዋል።

ፎም እሳት ይወዳል። አምፖሉ ከፎሙ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከጀርባው ቆርቆሮ ይግባ፤ አምፖል መያዣው የሸክላ ይሁን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን። የውሃው ሳህን ከኤሌክትሪክ ግንኙነት ሥር እንጂ በላይ አይቀመጥ፤ የሽቦ መገጣጠሚያ ሁሉ ከሳጥኑ ውጭ ይሁን። ሳጥኑን መጋረጃ አጠገብ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ቢቀር ይሻለዋል። ሽቦ ማያያዝ የማታውቁ ከሆነ ለሚያውቅ ሰው ክፈሉ፤ ቁጠባ እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ እርጥበት። የእንቁላል ቅርፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በእነርሱ በኩል ኦክስጅን ይገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ውሃም በትነት ይወጣል። ውሃው መውጣት አለበት። በሰፊው የእንቁላል ጫፍ ያለው የአየር ኪስ የሚሰፋው በዚህ ነው፤ ጫጩቱ ቅርፊቱን ከመስበሩ በፊት የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚተነፍሰውም ከዚያ ኪስ ነው። ሳጥኑ በጣም ከረጠበ ኪሱ ትንሽ ይሆንና ጫጩቱ ሙሉ አካል ይዞ በፈሳሹ ውስጥ ይታፈናል። በጣም ከደረቀ ደግሞ ሽፋኑ ይጠብቅበትና መዞር ያቅተዋል። እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ከ65 እስከ 75 በመቶ የሚለው መመሪያ ከዚህ የመጣ ነው።

ርካሽ የእርጥበት መለኪያዎች ግን ከቴርሞሜትርም የባሱ ውሸታሞች ናቸው። በጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው አድርጋችሁ እስኪርስ ድረስ ብቻ ውሃ ጠብ አድርጉበትና ከመለኪያው ጋር በታሸገ ፕላስቲክ ከረጢት አሳድሩት፤ ጠዋት 75 በመቶ ማንበብ አለበት። ከዚያም በላይ የማምነው ሚዛን ነው። ደህና የሚፈለፈል የዶሮ እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ ከ12 እስከ 13 በመቶ ያህል ይቀንሳል። 10 እንቁላል ስታስገቡ 580 ግራም ከመዘኑ በ9ኛው ቀን 545፣ በ18ኛው ቀን 510 አካባቢ መሆን አለባቸው። ክብደቱ በፍጥነት ከወረደ ውሃ ጨምሩ፤ አልወርድ ካለ ሳህኑን አሳንሱ። በዚህ መንገድ የምትጠይቁት ራሱን እንቁላሉን ነው፤ የወጥ ቤት ሚዛንም ብዙ ቤት ይገኛል። በከፍታ ቦታ ላይ ያላችሁ ሰዎች ይህን ፍተሻ ከሌላው ይልቅ አትዝለሉት፤ አየሩ ሲሳሳ ከእንቁላል የሚተነው ውሃ ይጨምራል።

እርጥበቱን የሚወስነው የውሃው ጥልቀት ሳይሆን የፊቱ ስፋት ነው። ጥልቅ ኩባያ ብዙም አይረዳም፤ ሰፊ ዝርግ ሳህን ይረዳል። በመጨረሻዎቹ ቀናት እርጥበት ለመጨመር ንጹሕ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ውሃው ውስጥ ማቆም ይበቃል። ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሳጥኑን ሙቀት ያወርዳል።

አየር ማስገቢያውን ባጭሩ ልለፈው፦ ከታች ጥቂት፣ ከላይ ጥቂት፣ በጣት ውፍረት የሚሆኑ ቀዳዳዎች። ፅንሱ እያደገ ሲሄድ ኦክስጅን ይበልጥ ይፈልጋል፤ ራሱም ሙቀት ማመንጨት ይጀምራል። በመጨረሻው ሳምንት ቀዳዳዎቹን ለሙቀት ሲሉ የሚደፍኑ ሰዎች ጫጩቶቹን በገዛ ትንፋሻቸው ያፍናሉ።

ማገላበጥ በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ነው፤ 5 ጊዜ ቢሆን ይሻላል። ቁጥሩ ጎዶሎ የሚሆነው እንቁላሉ ረጅሙን ሌሊት ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ጎኑ እንዲያድር ነው። ሳይገለበጥ የቆየ እንቁላል ውስጥ ፅንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ሊጣበቅ ይችላል። በእርሳስ በአንዱ ጎን መስቀል፣ በሌላው ጎን ክብ ምልክት ካደረጋችሁ አትሳሳቱም፤ ቀለም ግን በቀዳዳዎቹ ሊገባ ስለሚችል እስክሪብቶ አትጠቀሙ። በሞተር የሚያገላብጡ ዘዴዎች አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ግን በእጁ ቢያገላብጥ እመርጣለሁ። በቀን 3 ጊዜ ክዳን የሚከፍት ሰው በቀን 3 ጊዜ ቴርሞሜትሩን ያያል።

ሳጥኑ አለቀ እንበል። እንቁላል ለማስገባት አትቸኩሉ። በባዶው፣ ውሃውንና የውሃ ጠርሙሶችን ጨምራችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አስነሡት፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ቀኑ ሲሞቅና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱ እንዴት እንደሚሆን ጻፉ፤ ቴርሞሜትሩን ከአራቱም ማዕዘን አዟዙሩት። አንዱ ማዕዘን በአንድ ዲግሪ ከበለጠ የማራገቢያዋን አቅጣጫ ለውጡ። የውሃ ጠርሙሶቹን እዚያው ተዉአቸው። ሙቀት ያከማቻሉ፤ መብራት ሲጠፋም ሳጥኑን ያቆዩታል።

እንቁላሉ አውራ ካለበት መንጋ መምጣት አለበት፤ ይህን መናገር የሚያሳፍር ቢመስልም ከገበያ የገዛውን እንቁላል 21 ቀን የጠበቀ ሰው ጥቂት አይደለም። መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀ፣ ንጹሕ ይሁን። አትጠቡት፤ ማጠብ ተፈጥሯዊ መከላከያውን ያነሣና ጀርም በቀዳዳዎቹ ያስገባል። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ እስከ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል። ከሩቅ መንገድ የመጣ እንቁላል ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ይረፍ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይግቡ፤ በየቀኑ እየጨመራችሁ ከሄዳችሁ የማገላበጫውና የእርጥበቱ ቀን ይምታታባችኋል። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፤ ሰኞ የገባ የዶሮ እንቁላል ከ3 ሳምንት በኋላ ሰኞ ይፈለፈላል። ድርጭት 17 ወይም 18፣ ጅግራ ከ26 እስከ 28፣ ቱርክና ተራ ዳክዬ 28 ቀን ይፈጃሉ።

በ7ኛው ቀን በጨለማ ክፍል ውስጥ እንቁላሉን በጠባብ የባትሪ ብርሃን ፊት ያዙት። ከአንዲት ጠቆር ያለች ነጥብ በየአቅጣጫው የተበተኑ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከታዩ ፅንሱ በሕይወት አለ። ጭራሽ የጠራ ከሆነ ያልዳበረ ነው። የደም ቀለበት ብቻ ከታየ ፅንሱ ማደግ ጀምሮ ሞቷል። የሚሸት እንቁላል ሳይፈነዳ ቶሎ ይውጣ።

በ18ኛው ቀን ማገላበጥ ይቆማል፣ እርጥበቱ ከፍ ይላል፣ ከሥር ሻካራ ጨርቅ ወይም ወንፊት ይነጠፋል፤ በሚያንሸራትት ወለል ላይ የጫጩት እግር ወደ ጎንና ጎን ይከፈታል። ክዳኑም ይዘጋል። እስካሁን በየቀኑ ክፈቱ ስል ቆይቼ አሁን አትክፈቱ ማለቴ ለብዙዎች ይከብዳል። በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ ወጥቶ ይሄዳል፤ ቅርፊቱን የሰበረ ጫጩት ሽፋኑ ደርቆ ይጠብቅበታል። መጀመሪያ ጫጩቱ የአየር ኪሱን ይወጋል፤ ያኔ ከውስጥ ጭው ጭው ሲል ይሰማል። ከዚያ ቅርፊቱን ይበሳና ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከ12 ሰዓት በላይ፣ ዝም ይላል። የደከመ ይመስላችኋል፤ የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እያስገባ፣ ደሙንም ከሽፋኑ እየሰበሰበ ነው። በዚህ ሰዓት ቅርፊት እየላጠ የሚረዳ ደግ እጅ የደም ሥር ይበጥሳል። ጫጩቱ ከወጣ በኋላም አስኳሉ እስከ 48 ሰዓት ስለሚመግበው ላባው እስኪደርቅ ሳጥኑ ውስጥ ቢቆይ አይራብም። ከዚያ ወደ 35 ዲግሪ ገደማ ወደሚሞቅ ማሳደጊያ ይዛወራል።

መብራት ከጠፋስ? ቀዳዳዎቹን በከፊል ዝጉ፣ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ሙቅ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች እንቁላሎቹን ሳይነኩ አስገቡ፤ ክዳኑን እየከፈታችሁ አትዩ። ጥቂት ሰዓታት በአብዛኛው ይታለፋሉ፤ የሚፈለፈሉበት ቀን ግን ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በ21ኛው ቀን ምንም ካልታየ አትጣሉ፤ እስከ 23ኛው ቀን ጠብቁ።

ያልተፈለፈሉትን እንቁላሎች ከቤት ውጭ ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ የሚቀጥለውን ሥራ የሚያስተካክሉት እነርሱ ናቸው። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ከሞቱ እንቁላሉ ከመግባቱ በፊት የቆየበትን ሁኔታ ወይም የሙቀቱን መዋለል ጠርጥሩ። ሙሉ አካል ይዘው፣ የአየር ኪሱን ሳይወጉ፣ ረጥበው ከተገኙ እርጥበት በዝቷል ወይም አየር አንሷል። ጫጩቶቹ በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን መውጣት ከጀመሩ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ 22 እና 23 ላይ ከተጎተቱ ዝቅ ብሎ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ሁሉንም በአንዴ ከለወጣችሁ የትኛው እንደጠቀመ አይታወቅም።

ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ብናኝ፣ ቅርፊትና እርጥበት ጀርም ያራባል። በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ፣ በተበጠበጠ በረኪና አብሳችሁ፣ ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ አድርቁት። ፎም ቆሻሻን በቀዳዳዎቹ ስለሚይዝ ውስጡን በፕላስቲክ መሸፈንና ሽፋኑን በየዙሩ መለወጥ ይሻላል። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።